ላዋይሽ

ወርቅዬ መርሳ መናኸሪያ አጠገብ ሹሩባ ትሠራለች። ደንበኛዋ ዝቅ ያለች በርጩማ ላይ ጀርባዋን ሰጥታ ትቀመጣለች፤ ወርቅዬ ከኋላ ከፍ ብላ ፀጉሯን ትከፍላለች። ጥቂት እንደተሠራ ያችው የታወቀች ቃል ትመጣለች፤ «ወርቅዬ፣ እስቲ ላዋይሽ።»

ይህችን ቃል እንደ ተራ ወሬ የሚወስዳት ካለ ሞኝ ነው። እገሌ እንዲህ ሆነ የተባለው ለጎረቤት ይወራል፤ «ላዋይሽ» ተብሎ የተነገረ ግን እዚያው ይቀራል። የሰማው ሰው ምክር ካለው ይመክራል፣ ከሌለው አብሮ ያዝናል። ወርቅዬ የስንቷን ትዳር፣ የስንቷን እንባ ይዛ እንደምትኖር እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ። ድክም ብሏታል። ማታ ቤቷ ስትገባ ከጣቶቿ ይልቅ ጆሮዋ ዝሎ ይገባል።

ዘንድሮ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ደሴ ሄደሽ ተመርመሪ ተባለች። ፈራች፤ ብቻዋን መሄዱ አቃታት። ትዝታ ለምትባል ደንበኛዋ ልትነግራት ጀመረች፤ ትዝታ ግን በርጩማው ላይ ነበረችና የባሏን ነገር አንስታ ቀጠለች። ለሌላዋም ሞከረች፤ ያችም እንዲሁ። እዚያ ቤት የምታወራው በርጩማው ላይ የተቀመጠችው ናት፤ ከኋላ ያለችው ትሰማለች። ሴቶቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ ለምደውባት ነው እንጂ።

በኋላ የድሮ ደንበኛዋ፣ ጨርቅ ነጋዴዋ ሳሚራ መጣች። ሻሿን ፈትታ ልትቀመጥ ስትል ወርቅዬ ቀድማት በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«ዛሬ አንቺ ሥሪኝ» አለቻት።

«እኔ መች እችልና?»

«እንደሆነ ይሁን። ላዋይሽ ብዬ ነው።»

ሳሚራ ከኋላ ተቀመጠች። ወርቅዬ ግድግዳውን እያየች ሁሉንም ነገረቻት፤ አለቀሰችም። ሳሚራ ምክር አላበዛችም። ስትጎነጉን፣ ሲበላሽባት ስትፈታ፣ ደግማ ስትጎነጉን ቆየችና ሰኞ ሱቋን ዘግታ አብራት እንደምትሄድ ነገረቻት።

ሰኞ ወደ ደሴ የሚወስዳቸው ሚኒባስ ውርጌሳን እንዳለፈ አንዲት የመርሳ ሴት የወርቅዬን ራስ አይታ ሳቀች። ሹሩባ ሠሪዋን ማን እንዲህ አንጋዶ እንደሠራት ጠየቀቻት። ወርቅዬ ጠማማውን ጉንጉን በእጇ ዳበሰችው። ሳሚራ ትከሻዋ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል።

«የማዋያት ሰው ናት የሠራችኝ» አለች።