የዓሣ ሥዕል ያለበት ክፍል

ኮምፒውተር ተምሬ ከተመረቅኩ በኋላ ያገኘሁት ሥራ አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ጠባብ የኢንተርኔት ሱቅ ውስጥ ነበር። ባለቤቱ የአርሲ ሰው ሲሆኑ ሁላችንም ጋሼ እንላቸው ነበር። ደህና የሚሠራ ኮምፒውተር የነበራቸው አንድ ብቻ ሲሆን ግማሹ ሰፈር የሚጠቀመው በእሱው ነው። አንዱ ኢሜይሉን ሳይዘጋ ይወጣል፣ ቀጥሎ የሚቀመጠው የሰው ጉዳይ ያነባል፣ ከዚያ ጠብ ነው። በዚሁ ሰበብ ሁለት ጓደኛሞች ወንበራችን ላይ ፀጉር ተናጭተዋል።

ብራውዘሩ ለዚህ መላ ነበረው። ራሱን ብዙ ክፍል አድርጎ ይከፍላል፤ በአንዱ ክፍል የተከፈተ አካውንት በሌላው አይታይም። ነገር ግን ወደ ክፍሉ የሚያስገባው መንገድ የቀበሌ ጉዳይ ይመስል ነበር፤ እዚህ ተጫን፣ እዚያ ግባ፣ ከዝርዝር ምረጥ። ይህ አናደደኝና ብራውዘሩ ላይ የምትቀጠል ትንሽ ፕሮግራም፣ ኤክስቴንሽን የሚሏትን፣ ራሴ ሠራሁ። እያንዳንዱ ደንበኛ አንድ ሥዕል አለው፤ ሥዕሉን ሲጫን የራሱ ክፍል ይከፈታል፣ ሲነሣ ይዘጋል። ወንድሜ ኤክስቴንሽን እየሠራሁ ነው ስለው የመብራት ገመድ መስሎት ለቤት አንድ አምጪ አለኝ። እኔ ግን ዓለም ይጠቀምባታል ብዬ ኢንተርኔት ላይ ሁሉ አውጥቻት ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ነው፤ ከእኛ ሱቅ በቀር የጫናት ሰው አላየሁም።

ከደንበኞቹ ሁሉ ይበልጥ የተጠቀሙባት እትዬ ነበሩ፤ ከባቱ የሚመጣ ዓሣ ተረክበው ገበያ የሚሸጡ ሴት። አንድ ልጃቸው ዓረብ አገር ሰው ቤት ትሠራለች። አሠሪዎቿ ስልኳን ስለቀሟት በልጆቻቸው ታብሌት ተደብቃ ድምፅ እየቀዳች ትልካለች፤ እትዬም የሚሰሙትና ድምፃቸውን ቀድተው የሚመልሱት በእኛ ኮምፒውተር ነው። ማንበብ ስለማይችሉ በክፍላቸው ላይ ቆሮሶ ዓሣ ሣልኩላቸው። መጀመሪያ ላይ እጄ ይሸታል፣ አንቺው ተጫኚልኝ ይሉኝ ነበር። በኋላ ግን እጃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ራሳቸው ይጫናሉ፣ የልጅቷም ድምፅ ሱቁን ይሞላዋል። በሕይወቴ ከሠራሁት ነገር የምኮራው በዚያች ዓሣ ብቻ ነው።

እንግዲህ ክፍሎቹን ለያይተን ስንኩራራ ቁልፉ አንድ መሆኑን ማናችንም ልብ አላልንም። አካውንት ሲከፈት ስልክ ቁጥር ይጠየቃል። የሰው ሁሉ ሲም ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ ይለወጣል፤ የጋሼ ስልክ ግን ዘወትር ጠረጴዛው ላይ ናት። ስለዚህ የሁሉም ሰው አካውንት በጋሼ ቁጥር ነበር የሚከፈተው። ማረጋገጫ ኮድ በቴክስት ሲመጣ እሳቸው ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ደንበኛውም ይጽፋል። እንደ ውለታ ነበር የሚታየው፤ እውነትም ውለታ ነበር።

ጋሼ ታመው ሞቱ። ቤተሰባቸው ሱቁን ለእኔ ሲያከራየኝ ስልካቸው ሳጥን ውስጥ ገብታ ተረሳች፤ ቁጥሯም ሳይሠራ ሲቆይ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ይህን ያወቅኩት መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሩን ያቃጠለው ጊዜ ነው። ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝቼ ሥዕሎቹን ሁሉ መለስኩ፤ እትዬ ዓሣቸውን ሲጫኑ ግን፣ ማሽኑ አዲስ ስለሆነበት፣ ወደ ጋሼ ቁጥር የላክነውን ኮድ አስገቡ የሚል ጽሑፍ መጣ።

ቁጥሩ ላይ ደወልኩ። ያነሣው ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ጭነት የሚጠብቅ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ኮዱን እንዲነግረኝ ለመንኩት።

«እህቴ፣ ኮድ የሚጠይቅሽ ሌባ ነው ተብለናል» አለኝ። «አንቺ ሌባ አለመሆንሽን በምን ልወቅ?»

እኔም ደንበኞቼን የማስጠነቅቀው በዚያው ቃል ነው። ስልኩን ዘጋብኝ፣ ቁጥሬንም አገደው። እትዬ ግን በራሳቸው ቀፎ በየቀኑ ይደውሉለት ጀመር፤ በአማርኛ ሲሰለቸው በኦሮምኛ ይለምኑታል። እንዲህ ሲሉት ሲሉት ክረምቱ አለፈ። በመጨረሻ ዓይኔ እያየ ከሆነ ኑ አላቸው።

ላፕቶፑን ይዘን ሞጆ ሄድን። ከወደቡ ማዶ ካለች ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ አገኘነው። እኔን ከእግር እስከ ራስ አየኝና ወደ እሳቸው ዞረ፤ የሚሉት ነገር ካለ ይንገሩኝ አላቸው።

«ልጄ፣ እኔ እንኳን ልሰርቅ የተሰረቅኩ ነኝ» አሉት።

ሌላ አልጠየቀም። እትዬ ዓሣውን ተጫኑ፣ የሹፌሩ ስልክ ጠራች፣ እሱም ኮዱን እንደ ጋሼ ጮክ ብሎ አነበበልን። ክፍሉ ተከፈተ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ድምፆቹ ተሰልፈው ይጠብቁ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ላይ ልጅቷ ትስቃለች፤ የዓሣ ገበያው እንዴት ነው ትላለች። ቀጥሎ ለምን ዝም አልሽኝ ትላለች፤ ቀጥሎ ታለቅሳለች። የመጨረሻውን እትዬ ጆሯቸውን ከላፕቶፑ አስጠግተው ሰሙት።

«እማዬ፣ ነገ ወደ ሌላ ቤት ይወስዱኛል። የት እንደሆነ አልነገሩኝም። እዚያ ታብሌት መኖሩንም አላውቅም። ያለ ፈቃድሽ ስለሄድኩ ተቀይመሽኝ ነው ዝም ያልሽው? በእናትሽ፣ አልተቀየምኩም በይኝ።»

«አልተቀየምኩም» አሉ እትዬ፣ ልጅቷ ከፊታቸው ያለች ይመስል። ሹፌሩ ፊቱን ወደ መኪኖቹ አዞረ። እኔ በችኮላ መቅጃውን ከፍቼ ቃሉን አስደገምኳቸውና ላክሁት። ልጅቷ ከዚያ አካውንት ከወጣች ግን ወራት አልፈው ነበር። መልእክቱ እስከ ዛሬ አልተሰማም፤ የሚሰማም አይመስለኝም።

የእትዬን አካውንት ወደ ራሳቸው ቁጥር አዞርኩ፤ የሌሎቹንም ሹፌሩ ኮዳቸውን እያነበበልኝ እንዲሁ። ዕዳ እንዳለበት ሰው ሹፌሩ አሁንም አልፎ አልፎ እየደወለ ምን ወሬ አለ ይለኛል። ምንም እለዋለሁ።

እትዬ ዛሬም ጠዋት መጥተው ነበር። እጃቸውን ጠርገው ዓሣውን ተጫኑ፤ ክፍሉ ወዲያው ተከፈተ። አዲስ ነገር ስለሌለ የመጨረሻውን ድምፅ ከፈትኩላቸው። እስኪያልቅ ሰሙና እንደ ሁልጊዜው «አልተቀየምኩም» ብለው ወደ ገበያቸው ሄዱ።