ከመታወቂያዬ የጎደለው ስም

ደረቴ ላይ የሚንጠለጠለው የአስጎብኚነት መታወቂያዬ የአባቴ ስም የለበትም። ከስሜ ቀጥሎ የተጻፈው የእናቴ አባት ስም ነው። ያን ያደረግሁት ራሴ ነኝ።

አባቴ የባላባት ልጅ ነው። ንጉሡ ሲወርዱ ሱዳን ተሰደደ፤ እኔን የእናቴ አባት ደባርቅ አጠገብ አሳደጉኝ። መንግሥት ሲለወጥ ተመልሶ ዳባት አንዲት ክፍል ቤት ተከራየ። ብዙም ሳይቆይ መሬት እንደገና ሊደለደል ነው ተባለ፤ የፊውዳል ርዝራዥ የተባለ ሰው ልጅ ድርሻው ያንሳል የሚል ወሬም አብሮ መጣ። በስብሰባው ቀን አባቴ ከኋላ ቆሞ ነበር። ጸሐፊው «የማን ልጅ ነህ?» ሲለኝ ዓይኔን በጨው አጥቤ የአያቴን ስም አስመዘገብሁ።

ሊቀመንበሩ ተጠራጥሮ ወደ አባቴ ዞረ። «ልጅዎ አይደለም እንዴ?»

«እኔ ልጅ የለኝም» አለ አባቴ።

መሬቱን አገኘሁ። የዚያን ቀን እፎይ ማለቴ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ከዓመታት በኋላ አንድ ስኮትላንዳዊ ሽማግሌ ላስጎበኝ ይዤ ከደባርቅ በላይ ወዳለው ተራራ ወጣሁ። አምባራስ በሚባለው ማደሪያ ሰፍረን ሻይ ስንጠጣ ስለ ዘሩ አጫወተኝ። የጥንት አያቱ ከመኳንንት ወገን ነበሩ፤ ለተሸነፈ ንጉሥ ተዋግተው ፈረንሳይ ተሰደዱ። ልጃቸው ርስቱ እንዳይወረስበት አባቱን ክዶ ላሸናፊው ማለ። ከስደት የጻፉለትን ደብዳቤ አንዱንም አልከፈተም።

«እኔ የዚያ ልጅ ዘር ነኝ» አለኝ። «ቤቱ ቀርቶልናል። የእሱን የከሃዲውን ስም ለልጁ ያወጣ ሰው ግን ከዘራችን እስካሁን የለም።»

ሻዩን አስቀመጥሁ። «ስንመለስ ዳባት የማስተዋውቅህ ሰው አለኝ» አልሁት። አባቴ ፊት ቆሜ «ይህ አባቴ ነው» ልለው ቆርጬ ነበር።

ዳባት ደርሰን አባቴ ቤት ስንገባ ሾፌራችንም ተከተለን፤ የቀበሌዬ ሰው ነው፤ የሚያውቀኝም በአያቴ ስም ነው። አባቴ ጋቢውን አስተካክሎ ብድግ አለ። ሾፌሩን አየው፤ ከዚያ ደረቴ ላይ ያለውን መታወቂያ አየ። እንግዳውን ስሞ አስቀመጠና ወደ እኔ ዞሮ አንገቱን ዝቅ አደረገ።

«እርስዎስ ጌታዬ፣ የማን ልጅ ነዎት?»

አባቴ አንቱ ብሎኝ አያውቅም። ዛሬም ሊሸፍነኝ እንደሆነ ገባኝ። «የእርስዎ» ማለት ብቻ ነበረብኝ። በለመደ አፌ የአያቴን ስም ነገርሁት።

«ደግ ሰው ነበሩ» አለ አባቴ፤ የራሱንም በርጩማ አንሥቶ እንድቀመጥ አቀረበልኝ።