በነጠላ ጫፍ የቋጠርኩት ክኒን

በፈረንጆቹ 1986 ጸደይ፣ ዐቢይ ጾም ላይ፣ አሜሪካ፣ አትላንታ ሆስፒታል ተኝቼ ነበር። ሰሞኑን የልጅ ልጄን ሐኪም ዘንድ ወስጄ ቅጹ ላይ "የምትወስደው መድኃኒት" የሚለውን ስሞላ እጄ ቆመ፤ ያ ጊዜ መጣብኝ።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከከተማው ጥግ፣ ኢስት ፖይንት፣ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ በጽዳት እሠራለሁ። የሁለት ዓመት ልጄን ጎረቤቴ እትዬ ጽጌ ይይዙልኝ ነበር። ያን ሰሞን ላብ ያጠምቀኛል፣ እንቀጠቀጣለሁ፣ እወድቃለሁ። ጾሙ ነው አልኩ። ለሦስተኛ ጊዜ ስወድቅ ግን አምቡላንስ ወሰደኝ፤ ስኳሬ እጅግ ወርዶ ተገኘ።

ሐኪሞቹ በደሜ ውስጥ ስኳር የሚያወርደው ኢንሱሊን ሞልቶ፣ ኢንሱሊንን የሚቃወም ነገርም አገኙ። ይህ የኢንሱሊን መርፌ የተወጋ ሰው ላይ ነው የሚታየው አሉ። የምሠራበት መጦሪያ ፍሪጅ ውስጥ የአረጋውያኑ ኢንሱሊን እንዳለ ያውቃሉ። ቦርሳዬን ፈተሹ። አንዲት ረዳት ነርስ በሩ ላይ ተቀመጠች፤ መታጠቢያ ቤት እንኳ ትከተለኛለች። መስኮቱ አይከፈትም። ውጭ ዛፎቹ ነጭ አበባ ለብሰዋል፤ እኔ የብርቱካን ጭማቂ ይዤ እነሱን እቆጥር ነበር።

"ራሷን የምትወጋ እናት ልጅ ልታሳድግ አትችልም" አለችኝ ከማኅበራዊ ጉዳይ የመጣችው ሴት፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "እመኚ፤ እንረዳሻለን።"

ያልሠራሁትን ምን ብዬ ልመን?

የደበቅኩት ሌላ ነገር ነበር። እንቅርቴ ሲያብጥ፣ ልቤ ሲመታ፣ እትዬ ጽጌ ለራሳቸው ከታዘዘው ክኒን አካፍለውኛል። "የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አላለቀም፤ ለማንም አልናገርም፣ ማርያምን በይ" አሉኝ። ማርያምን አልኩ። ክኒኑ በነጠላዬ ጫፍ ተቋጥሮ ትራሴ ሥር ነበር፤ መርፌ የሚፈልግ ሰው ቋጠሮ አይፈታም። ለጸሎት ወደ ግድግዳው ስዞር እውጠዋለሁ። ከስኳር ጋር ይገናኛል ብዬ አላሰብኩም።

በአምስተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ሐኪም መጣ። ወረቀቱን አስቀምጦ አንገቴን ዳሰሰ።

"ለዚህ ምን ትወስጃለሽ?"

ትራሴን በክንዴ ተጫንኩት።

"ማን ሰጠሽ አልልም። ምን ዋጥሽ ነው የምለው።"

ልጄን አሰብኩ። ማርያምንም አሰብኩ፤ እሷም እናት ናት። ቋጠሮውን ፈታሁ።

ክኒኑን አገላብጦ አየው። "ጃፓን ውስጥ ይህን የዋጡ ጥቂት ሰዎች እንዲህ ሆነዋል" አለ። "ሰውነትሽ የራሱን ኢንሱሊን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይይዘዋል፤ ኋላ ሲለቀው ስኳርሽ ይወድቃል። መርፌ አልተወጋሽም።" በሩ ላይ ያለችውን አሰናበታት።

ክኒኑን ካቆምኩ በኋላ ቀስ በቀስ ዳንኩ፤ ልጄንም አሳደግኩ። የሐኪሙ ስም ጠፍቶኛል። እስከ ዛሬ በጸሎቴ "ያ አንገቴን የዳሰሰው" እላለሁ፤ እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ቋጠሮውን በፈታሁ ማግስት ጠዋት ብቻዬን ኮሪደሩ ላይ ወዳለው ስልክ ሄድኩ።

"እትዬ፣ መሐላዬን አፈረስኩ። ስምዎን አልጠራሁም። እርስዎም ስኳርዎን ይታዩ።"

"ሻይ በአራት ማንኪያ የምጠጣ ሴት፣ የቱ ስኳሬ ነው የሚወርደው?"

"መሐላውስ?"

"ያስማልኩሽ እኔ፤ ንስሐውም የኔ ነው። አሁን ልጅቷን ላልብሳት። ስንተኛ ፎቅ ነሽ?"

ነገርኳቸው። ፊቴን ታጠብኩና ኤሌቬተሩ ፊት ቆሜ ጠበቅኳቸው።