ጅቡቲ ላይ የታሰበልኝ ጡረታ

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ ከታይፒስትነት ጡረታ ስወጣ፣ ከእኔ ይልቅ ስለ እርጅናዬ የተጨነቀችው የወንድሜ ሚስት ነበረች። ሃያ ዓመት ሙሉ «እንዴት አደሩ» ማለት የሚከብዳት ሴት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፓፓያ ይዛ እየመጣች መስኮቴን ትወለውልልኝ ጀመር።

«እትዬ፣ ጅቡቲ ይሂዱ እንጂ! እህትዎ ኑ እያለችዎት። ባሕሩ አለ፣ ዓሣው አለ፣ ሙቀቱ ለአጥንትዎ ይስማማል። እዚህ ለስኳር ሲሰለፉ ሊሞቱ ነው?»

እህቴ ጅቡቲ ጨርቅ ትነግድ ነበር፤ ነይ ማለቷም እውነት ነው። እኔም አሰብኩበት። ሰልፍ ማንን አያሰለችም? ግን ጡረታዬ እዚሁ እንኳ ወሩን አያደርሰኝም፤ ድንበር ደግሞ ጭራሽ አይሻገርም፣ በየወሩ ራሴ ቀርቤ ፈርሜ የምወስደው ነው። እዚያ የእህቴን ባል እጅ ልጠብቅ ነው ማለት ነው። ብታመም የሐኪሙን ቋንቋ አላውቅም። ብሞት ዕድሬ ናዝሬት ነው፤ ድንኳኑ ባቡር ተሳፍሮ አይመጣም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤቴ ነበረች። ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት፣ ሰፊ መስኮቷ ወደ መንገድ የሚያይ። አገር ጥዬ ከሄድኩ ለሌላ ሰው ትሰጣለች፤ ተመልሼ ልግባ ብል የሚሰማኝ የለም።

ይህን ስነግራት ሳቀች።

«ለቤቱ አያስቡ፣ እኛ ገብተን እንጠብቅልዎታለን። ለመውጫ ፈቃዱም ባለቤቴ ዋስ ይሆንዎታል።»

የነቃሁት እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዘመን አገር ለቆ የሚወጣ ሰው ካልተመለሰ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ሰው ለእናቱ ልጅ ዋስ ሁን ሲባል ሆዱን ያመው ነበር። እሷ ሳልለምናት ባሏን ሰጠችኝ። አምስት ልጅ ይዘው አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቀው ነበር፣ ይህን አልክድም። ቢሆንም ቤቴ ከባሏ በልጣባት ኖሯል።

«ላስብበት» አልኳትና ሶደሬ ወርጄ ሦስት ቀን ፍል ውሃ ገባሁ። አጥንቴ የሚሻው ሙቀት ከሆነ ሶደሬ ቅርብ ነው፤ ዋስም አይጠይቅ። ስመለስ አልሄድም አልኳት።

ፓፓያው በዚያው ሳምንት ቀረ።

ከወር በኋላ ወንድሜ ጥቅል ይዞ መጣ። ክፋት አያውቅም፤ ሌላም ብዙ ነገር አያውቅም።

«እትዬ፣ ይኼ መጋረጃ ተሰፍቶ ቤት ተቀምጦ አገኘሁት። ለእኛ መስኮት በጣም ሰፋ። እስቲ ላንቺ ይሆን እንደሆነ።»

ሰቀልኩት። ወርዱም ቁመቱም ልክክ አለ፤ አንዲት ጣት አላጠረም፣ አንዲት ጣት አልተረፈም። ማን እንደለካው አልጠየቅሁትም።

የወንድሜ ሚስት ለበዓል ስትመጣ ወንበሯን ሁልጊዜ ከመስኮቱ ፊት ለፊት አደርግላት ነበር። መጋረጃው ያምራል ብላኝ ግን አታውቅም።