የአባ አቻምየለህ የአሳንሰር ፍርሃት

አባ አቻምየለህ የሱዳንን በርሃ በእግራቸው አቋርጠው የመጡ፣ ከዚያም ሰላሳ ዓመት በእስራኤል፣ በቂርያት ጋት ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና ከማሽን ጋር ሲታገሉ የኖሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው በስተርጅና አሳንሰር ፈራሁ ቢል ማን ያምናል? እሳቸው ግን አሉ። ያሉትም አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አብረዋት የሚኖሩት ልጃቸው ቤት ካለበት፣ ካርሜ ጋት ከሚባለው ሰፈር ፎቅ ሥር፣ ከልጅ ልጃቸው ከሊሮን ጋር ቆመው ነው።

ነገሩ የመጣው ከትምህርት ቤት ነው። ሊሮን አሥር ዓመቷ ነው፤ ጉንጯም ሙሉ፣ ሳቋም ሙሉ። አባ አቻምየለህ ባደጉበት በጎንደር ገጠር «ወፈርሽ» ማለት «አማረብሽ፣ ተመቸሽ» ማለት ነውና፣ ሰው ባገኙ ቁጥር «እቺን ድንቡሼ እዩልኝ!» እያሉ ይኩራሩባት ነበር። ዘንድሮ ግን የትምህርት ቤቱ ነርስ ልጆቹን መዘነችና ከክፍሉ ብዙዎቹ ክብደታቸው ከልክ አልፏል አለች። ሊሮንም አንዷ ሆነች። ዮጌቭ የሚባል የክፍሏ ልጅ ይህንኑ ይዞ ሲያላግጥባት፣ ምሳዋን ሳትነካ ትመልስ ጀመር። ቤት ስትገባ ደግሞ ቺፕሷን ታቅፋ ክፍሏን ትዘጋለች።

እናቷ አስናቁ አባ አቻምየለህን ኩሽና ጠርታ አስጠነቀቀች። «አባባ፣ ነርሷ ትንሽ ትንቀሳቀስ ብላለች። ስለ ክብደት ግን አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱባት! ልጅቷ አፍራ ልትሞት ነው።»

«እኔ ምን በወጣኝ!» አሉ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱ ቆዩና ብልሃቱ መጣላቸው። ያ ፍርሃት ድንገት የያዛቸው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው።

«ሊሮኔ፣ እኔ ከእንግዲህ እዚህ ማዕሊት፣ እዚህ አሳንሰር ውስጥ አልገባም፤ ልቤ ይርበደበዳል። አንቺ ግቢ፣ እኔ በደረጃ እመጣለሁ።»

ይህን ያሉት ሆን ብለው ነው። ሽማግሌ ደረጃ እየቧጠጠ ልጅ በአሳንሰር ሽው ብትል ነውር መሆኑን ያስተማሯት ራሳቸው ናቸው። ሊሮን ማዕሊቱን አየች፤ አያቷን አየች፤ በረጅሙ ተነፈሰችና የያዙትን ፌስታል ተቀብላ ተከተለቻቸው። ስምንት ፎቅ!

የመጀመሪያው ሳምንት ጉድ ነበር። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሁለቱም ዘፍ ብለው ይስቃሉ፤ አምስተኛው ላይ ማን እንደሚያለከልክ አይለይም። ከፋሲካ በኋላ ግን ሊሮን ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለች መውጣት፣ ከላይ ሆና «አባባ፣ ቃዲማ! ወደፊት!» እያለች መጣራት ጀመረች። ክፍሏን መዝጋቷም እየቀረ ሄደ። አሁን የሚያስቸግረው የአባ አቻምየለህ ጉልበት ሆነ።

አንድ እሑድ ጉልበታቸው ጨርሶ እምቢ አለ። ሊሮን ቀድማ በርራለች። ግራ ቀኝ አዩ፤ ማንም የለም። አሳንሰሩን ጠሩና ሹልክ ብለው ገቡ። ሰባተኛው ላይ ወርጄ ቀሪውን በእግሬ እጨርሳለሁ ብለው ነበር፤ ጣታቸው ግን ስምንትን ተጫነች።

በሩ ሲከፈት ሊሮን ወገቧን ይዛ ቆማለች።

የአባ አቻምየለህ ልብ አሁን እውነትም ተርበደበደ። «ለካ ያታለሉኝ ስለ ውፍረቴ ነው» ብላ እንደገና እንዳታፍር ፈሩ። ኮፍያቸውን አስተካከሉ።

«አባባ፣ እንደማይፈሩ እኮ ከመጀመሪያው አውቃለሁ» አለች። «ሐኪም ቤት ስንሄድ እየዘፈኑ አይደል ማዕሊት የሚገቡት!»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

ሊሮን ቀበቶውን አልፎ የተንዘረጠጠውን ሆዳቸውን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሐኪሙ ሆድዎን ይቀንሱ ብሎዎት፣ ለእኛ መናገር አፍረው መሰለኝ። እንዳያፍሩ ብዬ ነው አብሬዎት የወጣሁት።»

አባ አቻምየለህ ሆዳቸውን ተመለከቱ። ሳቁ ከእንብርታቸው ተነስቶ ጉሮሯቸው ላይ ሲደርስ ዋጡት።

«ደረስሽብኝ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው። «እሱው ነው። አደራ፣ ለማንም እንዳትነግሪብኝ!»

«አልናገርም» አለች ሊሮን፣ እጃቸውን ይዛ ወደ ደረጃው እየጎተተች። «ማጭበርበር ግን የለም፣ አባባ። ወርደን ከታች እንጀምራለን።»