አረቄ የሚጠጣ ማሽን

ጥሩወርቅ ይሻው ለብረት አረቄ ታጠጣለች የሚለው ወሬ የወጣው ከወይዘሮ ፈንታነሽ አረቄ ቤት ነው። ፈንታነሽ ክፉ ሴት አይደሉም። ነገር ግን ደብረ ታቦር ላይ አንዲት ሴት ሁለቴ የወጣውን ዳግም አረቄ በጠርሙስ ገዝታ ስትወጣ፣ የት እንደምትጠጣውና ከማን ጋር እንደምትጠጣው ማወቅ የጎረቤት መብት ነው። ጥሩወርቅ ደግሞ መጠጥ አትቀምስም፤ ቤቷም ጠጪ አይገባም።

«አንቺ ልጅ፣» አሏት አንድ ቀን ጠርሙሱን በጋዜጣ እየጠቀለሉ፣ «ይኼ እሳት ነው። ጎረምሳውን ሁሉ በሁለት መለኪያ የሚጥል ነው። ማነው የሚጨርስልሽ?»

«ማሽኑ ነው እትዬ።»

«ማሽኑ?»

«አዎ። በባዶ ሆዱ እሺ አይለኝም።»

ለቀልድ ነበር ያለችው። ቀልዱ ግን ከአረቄው ቤት ደጅ ሲወጣ ቀልድነቱን እዚያው ጥሎ ወጣ። ሳምንት ሳይሞላ የጥሩወርቅ ማሽን ውቃቢ አለበት፣ ካላጠጡት ይጮኻል ተባለ።

ይጮኻል መባሉ እውነት ነበር። ማሽኑ የሚቆርጠው አሉሚኒየም ሲያዩት ለስላሳ፣ ጠባዩ ግን ሙጫ ነው። መቁረጫው ፑንታ እየተሽከረከረ ሲገባበት ብናኙ ይግልና ጥርሱ ላይ ይጣበቃል፤ ጥርሱ የተደፈነ ፑንታ ደግሞ መቁረጡን ትቶ ይፈትጋል፣ ይጮኻል፣ ከዚያ ይሰበራል። ጥሩወርቅ መጀመሪያ የኑግ ዘይት አንጠባጠበችበት፤ ቤቱ ወጥ እንዳረረበት ጓዳ በጭስ ታፈነ። ላምባ ሞከረች፤ ሠራላት፣ ግን ራሷን ለሁለት ከፈላት። በመጨረሻ ስልኳ ላይ ባየችው ቪዲዮ አንድ የውጭ አገር ሰው በንጹሕ አልኮል ሲያቀዘቅዝ አየች። «ንጹሕ አልኮል ደብረ ታቦር ላይ ከየት ይመጣል?» አለች ለራሷ፤ ወዲያው የፈንታነሽ ቤት ትዝ አላትና ብቻዋን ሳቀች። አረቄው በመርፌ ሲሪንጅ ጠብ ጠብ ሲልለት ብረቱን አቀዝቅዞ፣ ብናኙን ጠርጎ፣ ተንኖ ጠፋ። የተቆረጠው ጠርዝ እንደ መስተዋት አበራ።

ማሽኑን ሠርታ ጨርሳ አታውቅም፤ ታሻሽለዋለች እንጂ። በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቁረጫ ነው። ሥዕሉን ይሰጡታል፣ እሱ ክንዱን ወዲህና ወዲያ፣ ወደ ላይና ወደ ታች እያንቀሳቀሰ ብረቱን ይቀርጻል። የመጀመሪያው አካሉ ባሕር ዛፍ ነበር። በበጋ ቀጥ ብሎ የቆመው እንጨት የሐምሌ ዝናብና ጉም ሲገባበት ውሃ ጠጥቶ ተጣመመ፤ ክብ እንዲቆርጥ ያዘዘችው ማሽን እንቁላል ይቆርጥላት ጀመር። የምትሠራበት የቶርኖ ቤት ባልደረቦቿ «በይ ዶሮ ወጡንም እሱ ይሥራልሽ!» እያሉ ሳቁባት። እሷም አብራቸው ሳቀች፤ በማግስቱ እንጨቱን ፈልጣ ለማገዶ ሰጠችው። ከተሰበረ የጭነት መኪና ሻንሲ ቆርጣ በየደችና አዲስ አካል ሠራች። ባዶው ብረት እንደ ደወል ስለሚያስተጋባ ሆዱን በአሸዋና በሲሚንቶ ሞላችው። ያኔ ረጋ።

የቀረው ደረቱ ነበር። ሞተሩንና ፑንታውን የሚሸከመው ሳንቃ ገና ኮምፔንሳቶ ነው፤ ሲገፉት ይለምጣል። ከፎገራ ሜዳ የውሃ ፓምፕ መዘውር የተሰበረባቸው ገበሬዎች ደጋግመው መጥተው ነበር፤ ቀዳዳው ልክ ስላልመጣላት አፍራ መለሰቻቸው። ደረቱ አሉሚኒየም መሆን አለበት፤ አሉሚኒየሙንም መቁረጥ ያለበት ማሽኑ ራሱ ነው። ለዚህ የሚሆን ወፍራም ዝርግ ፈልጋ ፈልጋ ባሕር ዳር ከቁራሌዎች ዘንድ አገኘች። አንድ ብቻ ነበር። አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፋው መጣች።

አውቶቡሱ ወደ ከተማው ሲቃረብ ሁልጊዜ ዓይኗ ወደ ጋፋት ኮረብታ ይሄዳል። እንግዳ በአስጎብኚ እየተመራ ጥንት ብረት ቀልጦ መድፍ የተሠራበትን ቦታ ሊያይ ይወጣል፤ «እጀ ወርቅ ሕዝብ!» ብሎ አድንቆ ፎቶ ተነሥቶ ይወርዳል። የአባቷ የይሻው ቤት ከዚያ ብዙ አይርቅም ነበር። ይሻው ቀጥቃጭ ነበሩ፤ ማረሻና ማጭድ ይመቱ ነበር። የሰፈሩ ሰው ማረሻውን አስመትቶ ሲመለስ፣ ከይሻው ቤት ውሃ እንኳ አይጠጣም። እናቶች ይሻው በመንገድ ሲያልፉ የልጃቸውን ፊት በነጠላ ይሸፍናሉ። ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ይበላል ይላሉ። ጥሩወርቅ ልጅ ሆና ያ ነጠላ ለምን እንደሚዘረጋ አይገባትም ነበር፤ ብርድ የሚፈሩ ይመስላት ነበር። በኋላ ይሻው ወናፉንና መዶሻውን ቀበሩ፤ ከተማ ገብተው ዘበኛ ሆኑ፤ ዘር ሲጠየቁ «የፋርጣ አራሽ ነኝ» አሉ። ልጆቻቸውንም ይህንኑ አስጠኗቸው። አርጅተው ዓይናቸው ሲፈዝ ግን ከጎረቤት የብረት ድምፅ በተሰማ ቁጥር ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ይመታ ነበር፤ ብረቱ ሲግል በቀስታ፣ ሲበርድ በጥድፊያ።

ታላቅ ወንድሟ ሀብታሙ ያስጠኑትን አልረሳም። ባለሱቅ ነው፣ የተከበረ ሰው ነው፤ ከአባታቸው በወረሱት ግቢ እሱ የፊቱን ቤት፣ እሷ የጓሮውን ይዘዋል። የእሷ መሥሪያ ቆርቆሮ ቤት ከእሱ ሳሎን ጋር ግድግዳ ይጋራል። አሁን ልጁን ሶስናን ሰሎሞን የሚባል የእብናት የእህል ነጋዴ ልጅ ጠይቋታል። ሽማግሌዎቹ አንድ ጊዜ መጥተው ቆመው ተናግረው ሄደዋል። ኅዳር በገባ በመጀመሪያው እሑድ ደግሞ ቁጭ ብለው ሊበሉ፣ ነገሩን ሊጨርሱ ይመጣሉ።

የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ጠፍቶ የከረመው መብራት መጣ። ሀብታሙ ከቅዳሴ መልስ ሸራ ይዞ ቆርቆሮ ቤቱ ገባ።

«እታለም፣ ዛሬ ይኼን ነገር አታስነሺው።»

«መብራት መጥቷል ወንድምዓለም።»

«ነገም ይኖራል።»

«ይኼን ራስህ ታምነዋለህ?»

ሀብታሙ ሳይወድ ፈገግ አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው የሚለውን ሰምተሻል። ዛሬ ውቃቢ ይላል፤ ነገ የማን ልጅ ናት ይላል። እብናቶች ዘር ቆጣሪዎች ናቸው። አባባ መዶሻውን የቀበረው ለእኛ ብሎ ነው።»

«እሱ መዶሻውን ቀበረ። እኛ ደግሞ እሱን።»

«ዛሬ ብቻ ዝም በይ። ለሶስና ስትይ።» ሸራውን ማሽኑ ላይ አልብሶ ወጣ።

ጥሩወርቅ ቆማ ሸራውን አየችው። ጥርት ብሎ፣ አራቱም ጥግ ተስቦ ማሽኑን ሸፍኗል። ያ ነጠላ ትዝ አላት። ሸራውን ገፈፈችው።

ሽማግሌዎቹ ሳይደርሱ እጨርሳለሁ ብላ ነበር። ዝርጉን አሰረች፣ ሲሪንጁን ሞላች፣ አስነሣችው። ግን የእብናት ሽማግሌዎች መኪና ቀንቷቸው ቀድመው ደረሱ። ፑንታው ግማሽ መንገድ ሳይሄድ በግድግዳው ማዶ ወንበር ሲጎተት፣ «እንደምን ሰነበታችሁ» ሲባባሉ ተሰማት። ሀብታሙ በጓሮው በር ገባ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አጥፊው!»

«ካጠፋሁት ያለበትን ይረሳል። ዝርጉ ይበላሻል፤ ሌላ የለኝም።»

«ሽማግሌው እኮ ምንድነው የሚጮኸው እያሉ ነው! አንቺንም ትምጣና ሰላም ትበለን ብለዋል።»

ከሀብታሙ ኋላ ሶስና ቆማ ነበር፤ ዲፕሎማዋን ይዛ በፋርማሲ የምትሠራ፣ ለዕለቱ ጥልፍ ቀሚስ የለበሰች። ሲሪንጁን ከአክስቷ እጅ ወሰደች።

«እንዲህ ጠብ ጠብ ነው አይደል? መርፌ እንኳ መያዝ አውቃለሁ።»

«እጅሽ እንዳይቆም፣» አለቻት ጥሩወርቅ። «ሲቆም ይጣበቃል።»

ሳሎኑ ውስጥ ሁለት ሽማግሌዎች ከመሶቡ ዙሪያ ተቀምጠዋል። አቶ ጌጡ የሰሎሞን አጎት ናቸው፤ መሪጌታ መዝገቡ ደግሞ የቤተሰቡ ጎረቤት፣ ወፈር ያሉ፣ ዓይናቸው የሚስቅ ሰው። ጥሩወርቅ ዝቅ ብላ ሰላም አለች። እጇ አረቄ አረቄ ይላል።

«እንደምን አለሽ ልጄ፣» አሉ አቶ ጌጡ። «የምትጮኸዋ ነገር ያንቺ ናት አሉኝ።»

«የበርና የመስኮት መሥሪያ ናት፣» አለ ሀብታሙ ፈጥኖ።

«እብናት ድረስ አረቄ ትጠጣለች ይባላል።»

«ትጠጣለች ጋሼ፣» አለች ጥሩወርቅ። «ብረቱ እንዳይግል ነው። በዘይት ሞክሬ እንቢ አለኝ።»

መሪጌታ ጉርሻቸውን እያላመጡ፣ «ታዲያ ከእኛ ሰፈር ጠጪ ትሻላለች፤ ይቺ እንኳ ጠጥታ ትሠራለች!» አሉና ራሳቸው ሳቁ።

አቶ ጌጡ አልሳቁም። «ይኼን ሙያ ከማን ተማርሽው?»

«ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ነው!» አለ ሀብታሙ።

ውሸት አልነበረም። ጥሩወርቅ ራሷን ነቅንቃ ብትወጣ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቅ ነበር። ከግድግዳው ማዶ ማሽኑ በደህና ድምፅ እየቆረጠ ነው፤ ሶስና በሚገባ እያንጠባጠበች ነው። ጥሩወርቅ የአባቷን ጣቶች አሰበች።

«ቶርኖውን ከትምህርት ቤት ተማርኩ፣» አለች። «ብረት ሲታመም በድምፁ ማወቅን ግን ከአባቴ ነው። አባቴ አራሽ አልነበረም ጋሼ። ይሻው የጋፋት ቀጥቃጭ ነበር። ማረሻ ይመታ ነበር።»

ማሽኑ ጮኸ። አንዴ፣ ሹል አድርጎ፤ ከዚያ ድምፁ ተመለሰ።

አቶ ጌጡ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው ሳብ አድርገው በፊታቸው ያለውን እንጀራ ሸፈኑት። ሆን ብለው ያደረጉት አልመሰለም፤ እጃቸው ብቻውን ነው የሄደው።

ጥሩወርቅ ዓይኗን አልሰበረችም። ጋቢውንም፣ ባለ ጋቢውንም አየች። «ይሸፍኑት ጋሼ፤ ዝንብ አለ፣» አለች። «አንድ ነገር ግን ልጠይቅዎ። እብናት ላይ ያን እህል ያበቀለውን ማረሻ ማን ነው የመታው?»

ሀብታሙ ጭንቅላቱን ያዘ። መሪጌታ መዝገቡ እጃቸውን ከወጡ አላነሡም፤ እንዲያውም ወደ ጌጡ የተሸፈነ ድርሻ ተጠጉ። «እኔንስ ደብተራ ነው፣ ይደግማል እያሉ ስንቱ ይሸሸኛል፣» አሉ። «እንግዲህ ቡዳና ደብተራ አንድ መሶብ ከቀረቡ ማን ማንን ይበላል? ዶሮዋን ነው እንጂ የምንበላ! ብላ ጌጡ።»

አቶ ጌጡ ተነሡ። «ተመካክረን እንልካለን፣» አሉና ጋቢያቸውን አንከርፍፈው ወጡ። መሪጌታ አንድ ጉርሻ ጨምረው፣ ጥሩወርቅን መርቀው ተከተሏቸው።

«ጨረስሽው፣» አለ ሀብታሙ ከወንበሩ ሳይነሣ።

«ገና ነው። እየቆረጠ ነው።»

«በእግዚአብሔር! በሙት አባት አይቀለድም!»

«አልቀለድኩም ወንድምዓለም። አንተ ሱቅ ስትከፍት አባባ ዘበኛ ነው አልክ፤ ሲሞት አራሽ ነበር ብለህ አስለቀስክ። ሰው በማያውቀው ሰው ላይ ነው ያለቀሰው። እኔ ደክሞኛል።»

ሀብታሙ ተሸፍኖ የነበረውን፣ ያልተነካውን እንጀራ እያየ ቀረ፤ ኋላ ግን እጁን ሰደደና ከዚያው ቦታ ቆርሶ በላ።

ቆርቆሮ ቤቱ ስትደርስ ማሽኑ ጨርሶ ክንዱን አንሥቷል። ሶስና ሲሪንጁን እንደያዘች ነው፤ የቀሚሷ ጥልፍ ላይ የአሉሚኒየም ብናኝ ያብረቀርቃል። ዝርጉን ፈትተው ብርሃን ላይ አወጡት። ቀዳዳዎቹ ልክ ናቸው፤ መለኪያ ካሊፐር አስገብታ አረጋገጠች፤ የሚሽከረከረው ኩሺኔታ ተገፍቶ ጥብቅ ብሎ ገባ። አንድ ጠርዝ ላይ ብቻ ብረቱ ተቦጭቆ ጣት የሚይዝ ጠባሳ አለው።

«ይቅርታ አክስቴ። እዚህ ጋ እጄ ቆመ።»

«የት ስደርስ ነው?»

«ጋፋት ስትይ።» ሶስና ጠባሳውን ዳበሰችው። «አባዬ ለምን ደበቀኝ?»

«ፈርቶልሽ ነው።»

ከጥልፍ ቀሚሱ ኪስ ስልክ ጠራ። ሶስና አውጥታ አየችና ሰሎሞን ነው አለች።

«አንሺዋ!»

«ይጠብቅ። እጄ አረቄ ነው።» ስልኩን ከብረት ማሰሪያው ሞርሳ አጠገብ ገልብጣ አስቀመጠችው፤ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ፣ እንደገና ጠራ።

የኮምፔንሳቶውን ደረት ፈትተው ጣሉት። አዲሱን ሲያነሡት ሶስና ጠባሳ ያለበትን ፊት ወደ ውስጥ፣ ወደ ሞተሩ አዞረችው፤ ማንም እንዳያየው። ጥሩወርቅ ከእጇ ወሰደችና ገለበጠችው። ጠባሳውን ወደ ውጭ፣ ወደ በሩ አድርጋ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀች። ከዚያ ማሽኑን አስነሣችው፤ ድምፁ ከአሮጌው ወፍሮ፣ ረግቶ፣ በግድግዳው አልፎ ወደ ሀብታሙ ሳሎን ገባ። አጥፊው ያላት የለም።