ለሽምግልና የለበስኩት የውስጥ ሱሪ

ይህን ነገር ሌላው ሰው አሳምሮ ያወራዋል። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሲያወሩት ደርሼባቸዋለሁ። ባሳመሩት ቁጥር እኔ የማላውቀው ነገር ይጨመርበታል፤ አንዱማ ራሴን ስቼ ወድቄ ሴቶች ልብሴን እንዳወለቁኝ አድርጎ ያወራል። ውሸት ነው፤ አልወደቅሁም። ፊደል የለየሁት ልጆቼ ከተማሩ በኋላ በማታ ትምህርት ነው፤ ጉልበቴ ከሕፃናት ዴስክ ሥር አልገባ እያለኝ። ከተማርኩ አይቀር የራሴን ውርደት በራሴ እጅ ልጻፈው።

እንጅባራ ዳር የባሕር ዛፍ አጣና እሸጣለሁ። ገበሬው ጭኖ የሚመጣው ገና ሳይነጋ ስለሆነ ቆሞ የሚቀበለው ሰው ያስፈልጋል። የታኅሣሥን ውርጭ ያገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል፣ አጣናው ላይ እጅህን ስታሳርፍ ይነክስሃል። ጉልበቴን ቁርጥማት ከያዘኝ ቆይቷል። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ፣ በዚያ ላይ ጋቢ ለብሼ ሞክሬያለሁ። ጋቢ የሚያሞቀው ከወገብ በላይ ነው፤ ብርዱ ደግሞ የሚገባው በእግር ነው። ጤና ጣቢያ ስሄድ የመረመረችኝ ልጅ ክኒን ሰጠችኝና፣ ከታች ምን እንደምለብስ ጠየቀችኝ። ሱሪ አልኳት። ከሱሪው ሥርስ አለችኝ። ለሴት ልጅ የሚመለስ ጥያቄ አልመሰለኝም። እሷ ግን እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ፣ ገላ ላይ የሚጣበቅ የብርድ የውስጥ ሱሪ እንዳለ፣ ሰልባጅ ተራም እንደማላጣው ነግራ ሸኘችኝ።

በገበያ ቀን ሰልባጅ ተራ ሄድኩ። ሻጯ ከልጄ የማትበልጥ ወጣት ናት። የመጣሁበትን መናገር አቅቶኝ ካልሲ ጠየቅኋት፤ አሳየችኝ። ሹራብ ጠየቅኋት፤ አሳየችኝ። ኮፍያ ልጠይቃት ስል፦

"ጋሼ፣ የውስጥ ነው አይደል የፈለጉት?" አለችኝ። ድምጿን ዝቅ እንኳ አላደረገችም። አጠገቤ ጃኬት የሚለካ ጎረምሳ ዞሮ አየኝ።

ከቦንዳው ውስጥ ሦስት ዓይነት ጎትታ አወጣች። አንዱ የሱፍ ነው፤ ወፍራም፣ ጨዋ የሚመስል፣ ጥቁር። በመዳፌ ሳሸው ደኅና ነው። መዳፌ ግን አጣና ሲጎትት የኖረ ነው፣ ምን ይሰማዋል? ክንዴን ከውስጥ በኩል ሳስነካው እንደ ሳማ ለበለበኝ። ሁለተኛው ቀጭንና የሚያብለጨልጭ ነው፤ ላስቲክ የመልበስ ያህል ነው፣ ስፌቱም ደግሞ በማይሆን ቦታ ላይ እንደ ገመድ ቆሟል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ለሚውል ሰው አይሆንም። ሦስተኛው ከጥጥ የተሠራ ነው። ውስጡ እንደ አዲስ ብርድ ልብስ ጠጉር አለው፤ ስፌቱ ጠፍጣፋ ነው፤ ወገቡ ይለጠጣል እንጂ አያንቅም። ላይና ታች ሙሉ ነው። እንዲህ ያለ ምቹ ነገር እጄ ላይ ገብቶ አያውቅም። ቀለሙ ሮዝ ነው፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ዙሪያውን ዳንቴል አለበት።

ወገቡ ላይ የተሰፋችውን ጨርቅ ገለጥኩ። የፈረንጅ ፊደል ነው። በስንት መከራ ማንበብ ለምጄ፣ የሚያስፈልገኝ ነገር በማላውቀው ፊደል ተጽፎ መጣ።

"የሴት ነው" አልኳት።

"እግር ያው እግር ነው ጋሼ። ማን ሊያይዎት?"

ትቼው ሄድኩ። ገበያውን ዞሬ፣ ሽንኩርት ገዝቼ ተመለስኩ። ምንም ሳትለኝ በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። እንዲያ ማድረጓ ከሳቅ የባሰ ነበር።

በማግስቱ ለብሼው አጣና ስቀበል የሚያመኝ ጉልበት እንዳለኝ ረሳሁ። ባለቤቴ ስለብሰው አይታ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ግን አይቻለሁ። ሲታጠብ ደጅ አይሰጣም፤ ጓዳ ውስጥ ነው የሚደርቀው። በዚህ ሁኔታ እስከ ዕለተ ሞቴ መኖር እችል ነበር።

አሁን ስለ ወንድሜ መናገር አለብኝ። ታናሼ ነበር። ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ሞተ። ወሬኛ ግን ሰው ዝም ብሎ ይወድቃል ብሎ አያምንም። የሚጥል በሽታ ነበረበት፣ በሽታው ጥሎት ነው ተባለ። ልጁን እኔ አሳደግሁት። አድጎ እህል እየነገደ ቻግኒ ሲመላለስ የአንድ እህል ነጋዴ ልጅ ወደደ። በኅዳር ሽማግሌ ሆነን ሄድን፤ አባትየው በክብር ተቀብሎ ከዘመድ ልማከር ብሎ መለሰን። ከዚያ ወሬው ጆሮው ገባ። ልጄን የሚጥል በሽታ ላለበት ዘር አልሰጥም ማለቱን ሰማን። የወንድሜ ልጅ ያን ቀን ቤቴ መጥቶ ተቀመጠ። ጫማውን እያየ አመሸና ሄደ።

ስለዚህ በታኅሣሥ ለሁለተኛ ጊዜ ሄድን። ከእኛ ቤት ምንም በሽታ እንደሌለ ዘመድ በተሰበሰበበት ለማስረዳት ነው። ሦስት ነን። የነገር አባታችን፣ አንደበተ ርቱዕ የሚባሉ ጡረተኛ ሽማግሌ፤ አንድ ዝም ለማለት የመጣ ጎረቤታችን፤ እና እኔ። እኔ የተመረጥኩት ንግግር ስለማውቅ አይደለም፤ የሟች ወንድም ስለሆንኩ ነው።

ጠዋት ስነሳ ውርጩ ደጁ ላይ ተነጥፏል። ሮዙን ለበስኩ፤ ላይና ታቹን። በላዩ ሸሚዝ፣ ሹራብ፣ ኮት፣ ኩታ። ባለቤቴ የምትሄደው እኮ ቆላ ነው፣ ቻግኒ አለችኝ። ቻግኒ እስክደርስ ያለሁት እንጅባራ ነው አልኳት። ልክ ነበርኩ፤ ያሰብኩት ግን እስከ መናኸሪያው ድረስ ብቻ ነበር።

ሚኒባሱ እስኪሞላ ረፈደ። ቁልቁለቱን ስንጀምር መስኮቱ ላይ ያለው ጉም ተገፈፈ። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ የነገር አባታችን ኮታቸውን አወለቁና አንተስ አሉኝ። ይመቸኛል አልኩ። ቻግኒ ስንወርድ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፏል። አንድ ጥግ ፈልጌ ከሥር ያለውን አወልቃለሁ ብዬ ነበር፤ የልጅቷ ቤተሰቦች ግን ክብራችን ነው ብለው ባጃጅ ልከው መናኸሪያው ድረስ ተቀበሉን። ክብር እንዲህም ሰው ይገድላል።

ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ ፀሐዩ አናቱ ላይ ነው፤ ጓዳው ውስጥ ወጥ ይሠራል። ዘመድ ግድግዳውን ተደግፎ ሞልቷል። ተቀመጡ ተባልን። ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር፣ መልስ ሳያገኝ አይቀመጥም፤ ቆምን። የነገር አባታችን ጀመሩ። የእሳቸው ንግግር ከዓለም ፍጥረት ነው የሚነሳው። መረቁ። ዝናቡን አመሰገኑ። አዝመራውን ጠየቁ። እሳቸው ከብት ጋ ሲደርሱ ላቤ ከብብቴ ወገቤ፣ ከወገቤ ጉልበቴ ደርሷል። የጥጡ ጠጉር ጠጥቶ ጠጥቶ ጠገበና ወደ ጫማዬ መልቀቅ ጀመረ።

አባትየው አንገቱን ሲነቀንቅ ቆይቶ ንግግሩን በትሕትና አቋረጠና ወደ እኔ ዞረ።

"ወንድምዎ እንዴት እንደሞቱ ከእርስዎ አፍ ልስማ።"

አፌን ከፈትኩ። ቤቱ ዞረ። ግድግዳው ወደ ግራ ሄደ፣ ሰዎቹ ተከተሉት፤ እጄን ዘርግቼ ምሰሶውን ያዝኩ። ትንፋሼ ይሰማል። ከጥግ መደብ ላይ የተቀመጡት የልጅቷ ሴት አያት፦

"ይኸው" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም፤ አላስፈለጋቸውም።

የነገር አባታችን ቶሎ ብለው ጾም ነው፣ ራሱን አዙሮት ነው አሉ። አባትየው እኛም ጾመናል አባቴ አላቸው። መንገዱ ነው አሉ። ሁላችሁም የመጣችሁት በአንድ መኪና ነው አላቸው። አንደበተ ርቱዑ ሰው ቃል አለቀባቸው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በአገውኛ ምን ሆንክ፣ አንድ ነገር በል እንጂ አሉኝ። አያትየው ከመደቡ ላይ በአገውኛ አዎ፣ ይበል ብለው መለሱላቸው። ለካ እሳቸውም የእኛው ሰው ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ሌሎቹ የማያወሩት ነገር ያለው፣ ስለማያውቁት። ዝም ብል ምን እንደሚሆን አይቼዋለሁ። ውሃ ይሰጡናል። በክብር ይሸኙናል። ልጁ ሚስት ያጣል፣ ወንድሜ በሽተኛ እንደተባለ ይቀራል፣ የእኔን ሱሪ ግን ማንም አያይም። ይህን አሰብኩ። ለአፍታ ነው፤ ግን አሰብኩ፤ ደግሞም ጥሩ መስሎ ታየኝ። ዳንቴሉ ያን ያህል ከበደኝ።

"ሙቀቱ ነው" አልኩ። "ከሥር ለብሻለሁ።"

"ምን ለብሰው?" አለ አባትየው።

"የውስጥ። የብርድ። ረጅም።"

"ቻግኒ ላይ?" አለ አንድ ጎረምሳ ከበር በኩል። አንዳንዱ ፈገግ አለ፤ ያመነኝ ግን የለም። አያትየው ከንፈራቸውን መጠጡ። ሰበብ የሚፈጥር በሽተኛ ነበርኩ በዓይናቸው።

ጎንበስ አልኩና የሱሪዬን ጫፍ ይዤ እስከ ጉልበቴ ሰበሰብኩት።

ሮዙ በላብ ረጥቦ ቀይ ሆኗል። ዳንቴሉ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተጣብቆ አበባ አበባው በደንብ ይታያል። ከጓዳ በኩል ሴቶች አንገታቸውን አውጥተው ነበር። አንዷ እጇን አፏ ላይ ጫነች። መጀመሪያ የሳቁት አያትየው ናቸው፤ ጥርስ በሌለው አፋቸው፣ ድምፅ ሳይኖረው፣ ሰውነታቸው ብቻ እየተርገፈገፈ። ከዚያ ቤቱ ሁሉ። ዝም ለማለት የመጣው ጎረቤታችን ሳይቀር። ሱሪዬን ልልቀቀው ብል እጄ እንቢ አለኝ፤ እንደ ያዝኩት ቀረሁ።

አባትየው አልሳቀም። መጥቶ ጎንበስ ብሎ ጨርቁን በሁለት ጣቱ ቆንጥጦ አሸት አደረገው፤ ጤፍ እንደሚያይ። ከዚያ ቀና አለ።

"ወንድምዎስ?"

"ጋቢና ነበር የተቀመጠው። መንገድ ላይ ሕፃን የያዘች ሴት ስትሳፈር ቦታውን ለቀቀላትና ጭነቱ ላይ ወጣ። መኪናው ጉድጓድ ገብቶ ሲዘል ጣለው። ሴትዮዋ ዛሬም እንጅባራ አለች፣ ልካችሁ ጠይቋት። በሽታ ቢኖርብን በሽታውን ተናግሬ ይህን ሱሪ እደብቅ ነበር። ከዚህ በላይ የምደብቀው አልነበረኝም።"

ሳቁ ቀስ እያለ ቆመ። አባትየው አያትየውን አየ፤ እናቱ ናቸው። አሮጊቷ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ ራሳቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።

"ጓዳ ግባና አውልቅ፣ ሳትሞትብን" አሉኝ። አንተ ነው ያሉኝ፣ እንደ ልጅ።

ጓዳ ገብቼ፣ የማላውቃቸው ሴቶች ወጥተውልኝ፣ አወለቅሁ። ስመለስ የነገር አባታችን ተቀምጠዋል። መቀመጣቸውን ሳይ ልጅቷ እንደተሰጠች አወቅሁ። መልሱ ሲነገር እኔ እዚያ አልነበርኩም። ለዚያ ቃል ነበር የመጣሁት፤ ሲባል ግን ጓዳ ውስጥ አንድ እግሬን አንስቼ በሌላው እየዘለልኩ ነበር።

ሽሮው ቀርቦ ስንበላ የልጅቷ እናት ከኋላዬ መጣችና ቁጢጥ አለች። ልትስቅብኝ መስሎኝ ነበር።

"እውነት ብርዱ ይህን ያህል ነው?" አለችኝ። "ልጄ ብርድ አታውቅም። የቱ ነው የሚመቻት፣ እርስዎ ያውቃሉና?"

የሌላ ሰው ሚስት፣ ለዚያውም አዲሷ አማቻችን፣ ስለ ልጇ የውስጥ ልብስ የምትጠይቀው እኔን ነው። ሱፍ አትግዙ፣ ገላ ይበላል አልኳት። ውስጡ ጠጉር ያለው ጥጥ ይሁን። ወገቡ አይነቅ። በእጅ መዳፍ አትመኑ፣ በክንድ ሞክሩት። ስፌቱም ጠፍጣፋ ይሁን አልኩና ወደ ሽሮው ተመለስኩ።

"የቱ ጋ ያለው ስፌት?" አሉ አያትየው ከመደቡ ላይ።

ለዚህ አልመለስኩም። እስከ ዛሬም አልመለስኩም።

ከጥምቀት በኋላ ልጅቷን አመጣን። ቻግኒዎች ሠርጉ ላይ ስገባ እርስ በርስ ተጎሻሽመው ወደ እግሬ አዩ። ለእኔ ስም አውጥተውልኛል፤ እዚህ አልጽፈውም። እንጅባራም ገበያ ላይ አጣና የሚገዛኝ ሰው ከመክፈሉ በፊት ወደ ታች ይመለከታል። የወንድሜን ሞት ሲያነሱ ግን በሽታ የሚል የለም። ለሴት ቦታ ለቆ የሞተው ነው የሚሉት፣ የባለ ዳንቴሉ ወንድም። ልጁም ይህን ሲሰማ ቀና ብሎ ይሄዳል።

እኔ ግን አልለመድኩትም። ሰዎች ሲስቁ አንዳንዴ አብሬ እስቃለሁ፤ ጆሮዬ ይግላል። የሚያስቃቸው ቁርጭምጭሚቴ ነው። እኔን የሚያሳፍረኝ ምሰሶውን ይዤ ዝም ልበል ብዬ ያሰብኩት ነው፤ እሱን ደግሞ ማንም አላየብኝም።